ስደት፣ ካኖን እና 36 አካል፦ «ፍላይት ፓተርን» ከምን ተሠራ?

አንድ የባሌት ሥራ ከየት እንደ መነጨ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ፍቅር፣ ጦርነት፣ ስደት። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ለሚሠራው ሰው ግን እምብዛም አይጠቅምም። «ስደት» የሚለው ቃል ዳንሰኛው ቀኝ እግሩን በስንተኛው ምት እንደሚያነሣ፣ አጠገቡ ካለው ሰው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል አይናገርም። ልምምድ ክፍል ውስጥ የሚሠራ መነሻ ቅርጽ ይዞ የሚመጣ መነሻ ነው። ይህ የጉዳይ ጥናት አንድን ሥራ ወስዶ መነሻዎቹን አንድ በአንድ ይፈታል፤ የትኛው ስሜት እንደ ሰጠ፣ የትኛው ደግሞ እርምጃ እንደ ሰጠ ለመለየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው «ፍላይት ፓተርን» ይባላል። ኮሪዮግራፈሯ፣ ማለትም ዳንሱን የፈጠረችው፣ በ1970 የተወለደችው ካናዳዊቷ ክሪስታል ፓይት ናት። ማርች 16 ቀን 2017 ለንደን ኮቨንት ጋርደን በሚገኘው ሮያል ኦፔራ ሃውስ ዋና መድረክ ላይ፣ በሮያል ባሌት ዳንሰኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በአንድ ምሽት ከቀረቡት ሦስት ሥራዎች አንዱ ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። 36 ዳንሰኞች ይሳተፉበታል። መድረኩን ጄይ ጋወር ቴይለር፣ አልባሳቱን ናንሲ ብራያንት፣ መብራቱን ቶም ቪሰር ነደፉ። ለዚያ ዋና መድረክ አዲስ ባሌት የሠራች ሴት ከ18 ዓመት በኋላ ፓይት የመጀመሪያዋ ነበረች። በ2018 ሥራው በምርጥ አዲስ የዳንስ ዝግጅት ዘርፍ የለንደን ቲያትሮች የሚሸለሙበትን የኦሊቪየር ሽልማት አገኘ።

መድረኩ ጨለማ ነው። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሰልፍ ቆሟል፤ ይወዛወዛል፣ ይጎነበሳል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይሰለፋል። ከመካከሉ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተለይተው ይወጣሉ፤ በመጀመሪያው ዝግጅት ክሪስተን ማክናሊ እና ማርሴሊኖ ሳምቤ ነበሩ። በመጨረሻ ከበስተኋላ ያሉት ረጃጅም ግድግዳዎች ሲከፈቱ ሕዝቡ ወደ ብርሃኑ ያልፋል፣ ሁለቱ ይቀራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ዜናው የሰጠውና ያልሰጠው

ቅርብ የሆነው መነሻ የዘመኑ ዜና ነው። በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባሕር ተሻግረው አውሮፓ ገቡ። በዓለም ዙሪያ ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ቁጥር በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቆጠራ፣ 65.3 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ይህን ቁጥር የሰማ ኮሪዮግራፈር ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። አንደኛው ጉዞውን መተረክ ነው፤ ጀልባ፣ ማዕበል፣ ድንበር፣ ወታደር። ባሌት ይህን ለማሳየት ምልክትና ማስመሰል ስለሚያስፈልገው ከጋዜጣ ፎቶግራፍ የደከመ ሥራ ይወጣዋል። ሁለተኛው መከራውን በሚያምር አካል ማስጌጥ ነው፤ ረዥም እግር፣ የተወጠረ የእግር ጣት፣ ወደ ሰማይ የተዘረጋ እጅ።

ፓይት ከዜናው የወሰደችው ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ ሰልፉን ብቻ። ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው፤ ተጠጋግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እያየ። ይህ ደግሞ የዳንስ ቅርጽ ነው። ሰልፍ አቅጣጫ አለው፣ ተራ አለው፣ በሰዎች መካከል ርቀት አለው፣ ከፊት የተነሣ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ የሚደርስበት ጊዜ አለው። ሙያተኛ እዚህ ላይ ሲደርስ ከርዕስ ወደ መሣሪያ ተሻገረ ማለት ነው።

ሙዚቃው፣ ወይም ትልቁ መሣሪያ

ከሁሉም በላይ ቅርጹን የወሰነው ሙዚቃው ነው። ፖላንዳዊው ሄንሪክ ጉሬትስኪ ሦስተኛ ሲምፎኒውን በ1976 ጻፈ። ሦስቱም ክፍሎች ዝግ ያሉ ናቸው፤ በሦስቱም ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ፣ ትዘምራለች። በ1992 የወጣው የኦርኬስትራ መሪው የዴቪድ ዚንማንና የሶፕራኖዋ ዶን አፕሾ ቅጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ስለዚህ ፓይት የመረጠችው ብዙ ተመልካች አስቀድሞ የሚያውቀውንና የሚያለቅስበትን ሙዚቃ ነው። ይህ አደጋ አለው። ስሜቱን ሙዚቃው ብቻውን ጨርሶት ዳንሱ ጌጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

«ፍላይት ፓተርን» የተሠራበት የመጀመሪያው ክፍል 26 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ገመድ መሣሪያዎቹ ካኖን ይጫወታሉ፤ አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ቆየት ብሎ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ይከተላል፣ ሁሉም ተደራርበው ይሄዳሉ። ዜማው 24 ባር (የምት ክፍል) ነው። የሚጀምረው ሊሰማ እስከማይችል ድረስ በወረደው የኮንትራባስ (ትልቁ ገመድ መሣሪያ) ድምፅ ነው። አዲስ ድምፅ የሚገባው በየ25 ባሩ ሲሆን እያንዳንዱ ከቀደመው መነሻ ኖታ ወደ ላይ አምስተኛው ኖታ ላይ ይነሣል። ስምንት ድምፆች ስላሉ የመጨረሻው ለመግባት 175 ባር ይጠብቃል። ከዚያ ጥርቅሙ ወደ አንድ ኖታ ይጠብባል፤ 13 ደቂቃ ገደማ ላይ ሶፕራኖዋ ትገባለች። የምትዘምረው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የተገኘ የፖላንድ ሙሾ ነው፤ ማርያም ልጇን «ቁስልህን አካፍለኝ» እያለች የምትለምንበት። ዘፈኑ ጣራ ላይ ሲደርስ ስምንቱም ድምፆች በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ኮንትራባሶቹ ብቻ ይቀራሉ።

ይህን ለኮሪዮግራፈር ስንተረጉመው፣ ሙዚቃው ሦስት ነገር አስረክቧታል። አንደኛ፣ ከታች የሚነሣና ቀስ በቀስ የሚከማች ሕዝብ። ሁለተኛ፣ መሐል ላይ ለአንዲት ሴት የተተወ ባዶ ቦታ። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ጥሎ የሚሄድበት መጨረሻ። የባሌቱ አጠቃላይ አወቃቀር ከዚህ አልወጣም። ታሪክ ጸሐፊ አላስፈለጋትም።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ካኖን ያለበት ሙዚቃ ሲሰማ የመጀመሪያው ፈተና ዳንሱንም ድምፅ በድምፅ እንዲከተል ማድረግ ነው፤ ቫዮላ ሲገባ አንድ ቡድን፣ ቫዮሊን ሲገባ ሌላ ቡድን። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን በሙዚቃው መግቢያዎች መካከል ከአንድ ደቂቃ በላይ ርቀት ስላለ ዓይን ያን ያህል አይጠብቅም፤ ጆሮም ቢሆን ሦስተኛው ድምፅ ከገባ በኋላ የቀሩትን ለይቶ አይሰማም። የዳንስ ካኖን በሰከንድ የሚለካ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማሰር ሁለቱንም ይገድላል። የሚሻለው የሙዚቃውን ሐሳብ ወስዶ የራስን ቆጠራ መሥራት ነው። 24 ባር እየቆጠረ ለሚለማመድ ዳንሰኛም ያቺ 25ኛ ባር ጠላት ናት፤ መግቢያውን በዜማው መጨረሻ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ አንድ ባር ይቀድማል።

የካኖን ሒሳብ

36 ሰው በአንድ ሰልፍ ቆሞ አንድን ጉንበሳ በተራ ቢያስተላልፍ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 35 ክፍተት አለ። በደቂቃ 50 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት 1.2 ሰከንድ ነው። በየምቱ አንድ ሰው ከጎነበሰ ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ሰከንድ ይወስዳል። ይህ ረዥም ነው፤ ተመልካቹ በ15ኛው ሰው ላይ መጨረሻውን ያውቀዋል። በግማሽ ምት ከተደረገ 21 ሰከንድ ይሆናል። በስድስት ረድፍ ስድስት ስድስት ሰው አቁሞ ረድፍ በረድፍ ማስተላለፍ ደግሞ 6 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ ያኔ ሞገዱ እንደ አንድ ትንፋሽ ይታያል። ኮሪዮግራፈር በእነዚህ ሦስት ፍጥነቶች መካከል እየተዘዋወረ ነው አንዱን ጉንበሳ አንድ ጊዜ ድካም፣ አንድ ጊዜ ፍርሃት፣ አንድ ጊዜ እንቅልፍ የሚያስመስለው። እርምጃው አልተለወጠም፤ ክፍተቱ ነው የተለወጠው።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ዳንሰኛ ከፊቱ ያለውን አይቶ ከተንቀሳቀሰ፣ ዓይን አይቶ አካል እስኪመልስ ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይባክናል። አንድ ሰው ላይ አይታወቅም። 35 ጊዜ ሲደመር ግን 7 ሰከንድ ነው፤ የመጨረሻው ዳንሰኛ ሙዚቃው ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ከኦርኬስትራው መቁጠር አለበት፤ ጎረቤቱን ማየት ለመጠን እንጂ ለሰዓት አይሆንም። በቀጥታ ኦርኬስትራ የሚታጀብ ሥራ ላይ ደግሞ መሪው በየምሽቱ ትንሽ ሊያፈጥን ወይም ሊያዘገይ ይችላል፤ በቅጂ የተለማመደ ቡድን መድረክ ላይ ሲወጣ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በየጥቂት ደቂቃው ሁሉም የሚሰበሰብበት አንድ የጋራ ማቆሚያ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ የተሳሳተው ይታረማል፤ ተመልካቹ ደግሞ ሕዝቡ አረፈ ብሎ ያየዋል።

ርቀቱም እንዲሁ በሒሳብ ይሄዳል። 36 ሰው በ60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስድስት በስድስት ቢቆም የሚይዘው ቦታ 3 ሜትር በ3 ሜትር ያህል ነው። በትልቅ መድረክ ላይ ይህ እፍኝ ነው፤ የተቀረው ሁሉ ጨለማ ይሆናል። ክፍተቱን ወደ 1.2 ሜትር ብታሰፋው ቦታው በአራት እጥፍ ያድጋል፤ የተገፋ ሕዝብ መሆኑ ቀርቶ ተራ የባሌት አሰላለፍ ይሆናል። ጥግግቱ ራሱ ትርጉም ስለሆነ በልምምድ ላይ ከእርምጃው እኩል መታረም ያለበት እሱ ነው። ዳንሰኞች ደግሞ በልማድ ለእጃቸው ቦታ ስለሚፈልጉ፣ ሳይታወቃቸው ይሰፋሉ።

ከባሌት ራሱ የተወረሰው

ስለዚህ ሥራ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መነሻ የባሌት የራሱ ታሪክ ነው። በተከታታይ እየገባ የሚከማች ሰልፍ በባሌት አዲስ አይደለም። ኮሪዮግራፈሩ ማሪዩስ ፔቲፓ በ1877 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ባቀረበው «ላ ባያዴር» ውስጥ የጥላዎቹ ትዕይንት አለ፤ ሴት ዳንሰኞች አንድ በአንድ ከተዳፋት ላይ እየወረዱ ያንኑ አራቤስክ (በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ መዘርጋት) ይደግማሉ። ፊት የገባችው ከኋላዋ ባሉት ሰዎች ልክ ደጋግማ ትሠራዋለች። የሚያስገርመው፣ ያም ትዕይንት የራሱ መነሻ ነበረው፤ ሠዓሊው ጉስታቭ ዶሬ ለገጣሚው ዳንቴ «ገነት» የሳላቸው፣ የመላእክት ጭፍራ እየተሽከረከረ የሚወርድባቸው ሥዕሎች። ዳንሰኛው ሩዶልፍ ኑሬየቭ ይህን ትዕይንት በ1963 ለሮያል ባሌት አዘጋጅቶታል፤ ስለዚህ ፓይት የገባችበት ቤት ሰልፍን በአጥንቱ የሚያውቅ ቤት ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጣቸው ዘዴው አንድ፣ ክብደቱ ተቃራኒ ነው። ጥላዎቹ ደረታቸውን ከፍተው፣ ክብደት እንደሌላቸው ይንሳፈፋሉ። የፓይት ሰዎች ደረታቸው የገባ፣ ጉልበታቸው የላላ፣ አንገታቸው የወደቀ ነው፤ በእግር ጣት ጫፍ በሚያስቆመው በፖይንት ጫማም አልቆሙም። አካሉ የሚጀምረው ከእግር ሳይሆን ከአከርካሪ ነው። ይህ የሷ የአሠራር ዘር ነው፤ በ1996 ከገባችበት ከኮሪዮግራፈሩ ዊሊያም ፎርሳይዝ ፍራንክፈርት ባሌት የመጣ፣ እንቅስቃሴ ከየትኛውም የአካል ነጥብ ሊጀምር ይችላል የሚል አስተምህሮ።

ሌላ የቅርብ ዘመድ አለ። ኮሪዮግራፈሯ ብሮኒስላቫ ኒጂንስካ በ1923 ለስትራቪንስኪ ሙዚቃ የሠራችው «ሌ ኖስ» (ሠርጉ) የመንደር ሕዝብን እንደ አንድ ግንብ ያቆማል፤ የሴቶቹ ራሶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ክምር ይሠራሉ። ሮያል ባሌት ከ1966 ጀምሮ ይህን ሥራ በመዝገቡ ይዟል። ፓይት ከዚያ ቀድታለች ለማለት አይደለም። ነገር ግን ግለሰብን በጅምላ ውስጥ በማስገባት ርኅራኄ መፍጠር እንደሚቻል መንገዱን የጠረገችው ኒጂንስካ ናት፤ ያውም በሴት እጅ።

ሦስተኛው ውርስ የፓይት የራሷ ነው። በ2009 ለካናዳ ብሔራዊ ባሌት የሠራችው «ኢመርጀንስ» መነሻው የንብ መንጋ ነበር፤ እንደ ባሌት ቡድን ተዋረድ ያለው ሕዝብ ያለ አዛዥ እንዴት በአንድነት እንደሚያስብ ትጠይቅበታለች፤ ዳንሰኞቹ ድምፅ አውጥተው ሲቆጥሩ ይሰማሉ። በ2014 «ፖላሪስ» በቶማስ አዴስ ሙዚቃ ከ60 በላይ ዳንሰኞችን አሰለፈች። በሴፕቴምበር 2016 ለፓሪስ ኦፔራ የሠራችው «ዘ ሲዝንስ ካኖን» 54 ዳንሰኞች ነበሩት፤ ስሙም ዘዴውን ይናገራል። ከዚያ እስከ ለንደኑ ሥራ ስድስት ወር አይሞላም። ስለዚህ ስደት የሚለው ርዕስ የመጣው ጅምላ አካልን ማንቀሳቀስ ለዓመታት ሲጠና ለቆየበት እጅ ነው። መነሻ ሐሳብ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ቢያዩት ደግ ነው፤ መሣሪያው ቀድሞ ተስሏል፣ እንጨቱ በኋላ ተገኘ።

ካፖርቱ

የመድረክ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ካፖርት ነው። ለብሰውት ሕዝብ ይሆናል፣ አውልቀው ሲያነጥፉት መኝታ ይሆናል፣ ተጠቅልሎ ሴቲቱ ክንድ ላይ ሲቀመጥ ሕፃን ይሆናል። በኋላ ሰዎቹ እያለፉ ካፖርታቸውን አንድ በአንድ በሷ ላይ ይከምራሉ፤ ከክብደቱ በታች ትጎብጣለች። አንድ ጨርቅ አራት ሥራ ሠራ፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ብልሁ ሐሳብ ይህ ነው።

ከጀርባው ያለው ተግባራዊ ጣጣ ቀላል አይደለም። ረዥም የሱፍ ካፖርት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። 10 ካፖርት ማለት እስከ 20 ኪሎ ነው፤ በተዘረጋ ክንድ ላይ፣ ከወገብ ርቆ፣ በዝግታ ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ ጀርባ የሚጎዳ ሸክም ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት ከባድ የሚመስል ግን ቀላል ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ክብደቱን የምትጫወተው ዳንሰኛዋ እንጂ ካፖርቱ መሆን የለበትም። ቁልፍ ወለል ሲመታ ድምፅ ያወጣል፤ በጸጥታው ክፍል ይሰማል። እጅጌ ሲወልቅ ይገለበጣል፣ የተገለበጠ እጅጌ ደግሞ በቆጠራ ተመልሶ አይለበስም። ወለል ላይ የቀረ ጫፍ ለሚቀጥለው ሰው እግር ወጥመድ ነው። ረዥም ካፖርት ዳሌንና ጉልበትን ስለሚሸፍን የእግር መስመር ይጠፋል፤ ኮሪዮግራፊው ወደ አንገት፣ ወደ እጅና ወደ ጀርባ የሚሸሸው በምርጫ ብቻ ሳይሆን በግድም ነው። ካፖርቱ ለመጨረሻው ሳምንት የሚቆይ ልብስ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ምትኩ መለበስ አለበት።

መብራቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ግራጫ በጨለማ ላይ ከፊት ሲበራ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቅርጽ የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። የጎን መብራት ደግሞ የዳንሰኛውን ዓይን ይጋርዳል፤ ጎረቤቱን በዓይኑ ጫፍ ማየት ያቅተዋል። ቆጠራው በአካል ውስጥ መግባት ያለበት ለዚህም ነው።

የሚያከራክረው

በሶፕራኖዋ ሙሾ ጊዜ ጅምላው ይከፈትና ሴቲቱና ወንዱ ይቀራሉ። ወንዱ በኋላ በቁጣ የሚፈነዳ ብቸኛ ዳንስ አለው፤ ዝላይ፣ ሽክርክሪት፣ ወለል ላይ መውደቅ። ይህ ክፍል ከቀረው ይልቅ የተለመደ ነው። ባሌት ሁልጊዜ ሐዘንን በመጨረሻ ለአንድ ጎበዝ ወንድ አስረክቦ ያስዘልለዋል። በሌላ በኩል ያ ፍንዳታ ባይኖር እስከዚያ ድረስ በዝግታ የሄደው አካል ምን ያህል ታፍኖ እንደ ነበር አይታወቅም ነበር። የሴቲቱ ድርሻ ከዚህ ይበልጣል፤ እሷ ከመሸከምና ከመጎንበስ በቀር ምንም «አትሠራም»፤ ተመልካቹ ግን ዓይኑን አይነቅልባትም።

ትልቁ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሙሉ ሕይወታቸውን በስልጠና ያሳለፉ ዳንሰኞች በውድ ወንበር ለተቀመጠ ተመልካች የስደተኛን መከራ ሊያሳዩ ይገባል ወይ? ሥራው ለዚህ የሚሰጠው መልስ በዝርዝር አለመግባቱ ነው። የአገር ስም፣ የባሕር ስም፣ ባንዲራ፣ ጠላት የለውም። ይህ ጥንካሬም ድክመትም ነው፤ ማንንም አያስመስልም፣ ማንንም ደግሞ አይከስስም።

ከአንድ ክፍል ወደ ሦስት

በ2019 ሥራው ለሮያል ባሌት ተመልካች እንደገና ቀረበ። ኦክቶበር 18 ቀን 2022 ደግሞ ፓይት የቀሩትን ሁለት የሲምፎኒው ክፍሎች ጨምራ «ላይት ኦቭ ፓሴጅ» የሚል ሙሉ ምሽት አደረገችው። ሁለተኛው ክፍል፣ «ኮቨናንት»፣ መነሻው በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው፤ መድረክ ላይ ሕፃናት ይወጣሉ። ሙዚቃው የያዘው ቃል ደግሞ የ18 ዓመት ልጃገረድ በ1944 በፖላንዷ ዛኮፓኔ ከተማ ውስጥ፣ በናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ (ጌስታፖ) እስር ቤት ግድግዳ ላይ የጻፈችው ነው። ሦስተኛው፣ «ፓሴጅ»፣ ስለ ሞት ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ዳንሰኞች ከለንደኑ የዳንስ ቲያትር ከሳድለርስ ዌልስ የአረጋውያን ቡድን መጡ።

ይህ ቅጥያ የመነሻውን ጥያቄ በግልጽ ይፈትነዋል። የመጀመሪያው ክፍል ሰልፍ የሚባል የእንቅስቃሴ ቅርጽ ነበረው። ሰነድ ግን ቅርጽ የለውም፤ ኮንቬንሽን በአንቀጽ እንጂ በእርምጃ አይጻፍም። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ቅርጹን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረበት፤ አዋቂው አካል ለሕፃኑ መሰላል፣ ድልድይ፣ መንገድ የሚሆንበት አሠራር። ሕፃናቱን ማስገባት ብቻውን ልብ ይነካል፤ ከካኖኑ ጋር የሚወዳደር ውስጣዊ ሥርዓት ግን አያመጣም። ሦስተኛው ክፍል ይሻላል፤ ያረጀ አካል የራሱ ፍጥነትና የራሱ ሚዛን ይዞ ስለሚመጣ ኮሪዮግራፈሯ የምትሠራበት ነገር አላት።

እንዲህ ያለ ሥራ ወደ ሌላ ቡድን ሲሄድ የሚያስፈልገውም ከዚህ ይገኛል። ሙዚቃው መብት አለበት፤ ጉሬትስኪ በ2010 ስላረፈ፣ ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚጠበቅባቸው አገሮች እስከ 2080 መጨረሻ ድረስ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም፤ የቅጂው መብት ደግሞ ለብቻው ነው። 36 ዳንሰኛ የሌለው ቡድን ቁጥሩን ቢቀንስ የካኖኑ ክፍተቶች በሙሉ እንደገና መቆጠር አለባቸው፤ በ24 ሰው ሞገዱ በግማሽ ምት ከ21 ሰከንድ ወደ 14 ሰከንድ ይወርዳል፤ ሙዚቃው ግን አያጥርም። አንድ ዳንሰኛ ሲታመም ቦታውን ባዶ መተው አይቻልም፤ በሰልፍ ውስጥ የጎደለ ሰው እንደ ጎደለ ጥርስ ይታያል፤ ተተኪው ደግሞ ከእርምጃው በፊት መማር ያለበት የራሱን ቁጥር ነው።